ገብሱን ቀንስለት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በቅርቡ ፈረስ ገዛሁ። ክብደቱ ወደ 400 ኪሎ ይሆናል። እንዲወፍርልኝ ብዬ ጠዋትና ማታ ሦስት ሦስት ኪሎ ገብስ አበላዋለሁ። ድርቆሽ የማቀርብለት ቀን ቀን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት መሬቱን በእግሩ እየጫረ ጎኑን ዞር ዞር እያለ ያይ ጀመር። ከዚያ ተንከባለለ። ሐኪም ደርሶለት ተረፈ። ምን አጥፍቼ ነው?
አዲስ ባለፈረስ

መልስ፦ እንኳን ተረፈልህ። ሐኪም መጥራትህ ጥሩ ነው። ያየኸው ቁርጠት ነው። ፈረስ ደግሞ እንደ ውሻ አስመልሶ አይገላገልም።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ያንተኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ሰው "ፈረስህ ከሳ" ባለኝ ቁጥር አንድ ጣሳ ገብስ እጨምር ነበር። መጨረሻው ሦስት ሌሊት ጋጣ ውስጥ ማደር ሆነ፣ እኔም እሱም ሳንተኛ።

የዚያ ግዙፍ እንስሳ ጨጓራ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ነው። ሦስት ኪሎ ገብስ በአንዴ ሲገባበት ትንሹ አንጀት ፈጭቶ አይጨርሰውም። የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ የለመዱት ሳር ነው። ገብሱ ሲደርሳቸው ይፈላና ጋዝና አሲድ ይሆናል። ሆዱ ይነፋል፤ አንዳንዴ ጣጣው ሰኮናው ድረስ ይወርዳል።

ሌሊቱንም አስብበት። የፈረስ ጨጓራ በላም አልበላም አሲድ ያመነጫል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። ጾሙን ሲያድር ጨጓራው ይቆስላል።

ስለዚህ በቀን ከ6 እስከ 8 ኪሎ ድርቆሽ ስጠው። በሚዛን መዝን፣ እቅፍ ያታልላል። ትልቁን ድርሻ ለማታ አድርገው። የሻገተውን ጣል፤ አቧራ ብቻ ከሆነ ውሃ አርከፍክፍበት። ገብሱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይለፍ፣ እሱም ተከክቶ። ብዙ ካልሠራ እንዲያውም ገብሱ ላያስፈልገው ይችላል። አዲስ መኖ ስታመጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልክ አልምደው። ንጹህ ውሃ አይለየው፤ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፣ ሲሞቅ ከዚያም በላይ። የሚላስ ጨውም አትርሳ።

መክሳቱ ካሳሰበህ ጥርሱን አስመርምር። ጥርሱ የሾለ ፈረስ ሳሩን በወጉ አያደቅም፣ ጠቅልሎ ይተፋዋል። ጋጣው ውስጥ የታኘከ የሳር ጥቅልል ካገኘህ ችግሩ የገብስ ማነስ አይደለም።