መልስ፦ ዳላ ኮስታና ዴልፊ የት ላይ ነው የሚለያዩት?

ሁለቱም ፌሚኒስቶች ሚስት ሳይከፈላት የምትሠራው የቤት ውስጥ ሥራ ብዝበዛ ነው ካሉ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው ላልሽው፦ የሚለያዩት ጥቅሙ ማን ኪስ ይገባል በሚለው ነው።

ጣሊያናዊቷ ማሪያሮዛ ዳላ ኮስታ በ1972 የሰጠችው መልስ ካፒታል፣ ማለትም የአሠሪው ወገን የሚል ነው። አብስላ፣ አጥባ፣ ልጅ አሳድጋ ሚስቲቱ የምታመርተው የሥራ ጉልበትን፣ ማለትም የሠራተኛውን የመሥራት አቅም ነው፤ አሠሪው ያንን ጉልበት ይገዛል፣ ለእሷ ግን አይከፍልም።

ፈረንሳዊቷ ክሪስቲን ዴልፊ በ1970 ጣቷን የቀሰረችው ባል ላይ ነው። የፈረንሳይ ገበሬ ሚስት ያረባችው ዶሮ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል፤ እሷ ግን ደሞዝ የላትም። ስለዚህ የማይከፈላት በሥራው ዓይነት ሳይሆን በጋብቻው ግንኙነት የተነሳ ነው። ከዚህ ተነስታ ከካፒታሊዝም ጎን ራሱን የቻለ የቤተሰብ ስልተ ምርት (የአመራረት ሥርዓት) አለ ትላለች። የዶሮዋ ክርክር ለመመለስ ይከብዳል። እንግሊዛውያኑ ፌሚኒስቶች ሚሼል ባሬትና ሜሪ ማኪንቶሽ በ1979 የተቿት በሌላ በኩል ነው፦ ሚስትነትን ስታይ እናትነትን ረሳች ብለው።

በዚህ ክርክር የቤት ውስጥ ሥራ «አምራች» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ስለሚነሳ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። በማርክስ አነጋገር «አምራች» ማለት ለካፒታል ትርፍ እሴት (ሠራተኛው ከደሞዙ በላይ የሚያስገኘው እሴት) የሚፈጥር ማለት ብቻ ነው። ሆቴል ተቀጥራ ምሳ የምትሠራ ሴት አምራች ናት፤ ያንኑ ምሳ ቤቷ ስትሠራ አይደለችም። «አምራች ያልሆነ» የሚለውን «የማይረባ» ብለሽ ካነበብሽ ክርክሩ በሙሉ ይምታታብሻል።