ስለ በጀት ጠይቁኝ፦ ሃያ ዓመት ፋይናንስ ክፍል ቆይቻለሁ

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣሁት በቅርቡ ነው። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲባል ብዙ ሰው ደንግጦ አየሁ። ወጪ ከተፈቀደው በላይ እንዴት እንደሚያልፍ፣ እንዴትስ እንደሚያዝ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ የ2017 በጀት 971 ቢሊዮን ነበር። በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ እኮ! ቁጥጥሩ የታለ?

ሐምሌ ላይ የተጀመረበትን ብቻ ከያዝክ፣ እውነትህን ነው። ግን ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ተጨማሪ በጀት ጸድቋል፤ ሲደመር 1.55 ትሪሊዮን ገደማ ይመጣል። ከዚያ ከተነሣህ ዕድገቱ ሩብ ያህል ነው። እሱም የዋጋ ንረት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። የውጭ ዕዳው ላይ አንድ ዶላር ሳይጨመር ክፍያው በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ተጨማሪ በጀት ልማድ እንዳይሆን ነው። ኅዳር ላይ እንደሚጨመርለት የሚያውቅ ኃላፊ ሐምሌ ላይ ለምን ይጨነቃል?

ወጪ የሚመዘግብ የኮምፒውተር ሲስተም እያለ መሥሪያ ቤት እንዴት ከበጀቱ በላይ ያወጣል?

ሲስተሙ የሚያውቀው የተመዘገበለትን ነው። እኛ ጋ አንድ ዓመት ግንቦት ላይ አራት መኪና ጋራዥ ገባ። ውሉን ጠቅላላ አገልግሎት ፈረመ፤ በጀት ክፍል አላየውም፣ ከቀሪው ላይም አልተያዘም። ደረሰኙ ሐምሌ ላይ ከች አለ። በጀቱ ሰኔ 30 ተዘግቷል፤ ከአዲሱ ዓመት ተከፈለ፣ የጥገና መደቡም ገና በመስከረም ተራቆተ። ወጪ መያዝ ያለበት ውል ሲፈረም ነው። ቼክ ላይ ከደረሰ አለቀ።

ሰኔ ላይ ሥልጠና የሚበዛውስ?

ይህን ሳትጠይቁኝ ትቀራላችሁ ብዬ ነበር! ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ለከርሞ ስትጠይቅ ደግሞ «አምና የሰጠናችሁን መች ጨረሳችሁ?» ተብለህ ትቆረጣለህ። ስለዚህ 6231 (የውሎ አበል ሂሳብ መደብ) በሰኔ ይሟጠጣል፣ የአዳማና የቢሾፍቱ ሆቴሎችም ይሞላሉ። የቆጠበ ነው የሚቀጣው።

የጎደለውን ብሔራዊ ባንክ ቢያበድርስ?

ለዓመታት የሆነው እሱ ነው፤ የኑሮ ውድነቱ ላይ እጁ አለበት። ከአይኤምኤፍ (ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት) ጋር በተደረሰው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ መበደሩን ለማቆም ቃል ገብቷል። አሁን በግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም ለባንኮችና ለሌሎች ገዢዎች በሚሸጥ የአጭር ጊዜ የብድር ወረቀት፣ ይበደራል። ሰነዱ ወለድ አለው፣ ወለዱ ደግሞ የከርሞ ወጪ ነው።

ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ካፒታል በጀት (የግንባታው) ለምን ቀድሞ ይቆረጣል?

ደመወዝ ካልተከፈለ ሠራተኛው ይጮኻል። ግንባታ አይጮኽም። አንድ ሕንፃ አስታውሳለሁ፤ ክፍያ ስለዘገየ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፣ ርግብ ሰፈረበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲቀጠል መጀመሪያ የተከፈለው የዛገውን ብረት ለማስቆረጥ ነበር።