ጥያቄና መልስ፦ ወደ አረጋውያን መንደር የምገባው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። 76 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። አንዷ ልጄ ቅርቤ ናት፤ ሁለቱ ሌላ ስቴት ናቸው። ለትርፍ ያልቆመ የአረጋውያን መንደር አይቼ ወደድኩት። ግን ሰው «ልጆቿ ጣሏት» እንዳይል ፈራሁ። በልጆቼስ ላይ ኃጢአት አይሆንባቸውም? ደግሞ ገና አበስላለሁ፣ መኪና እነዳለሁ። አሁን ልግባ ወይስ እስክደክም ልቆይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ይህን በእግርዎ ቆመው እያሉ ስለጠየቁኝ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ጋ ብዙ ጊዜ የሚደወለው ልጆች ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሆነው ነው።

ኃጢአት አይደለም። ለእርስዎም፣ ለልጆችዎም።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህ ጥያቄ የመጣባቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አንዱ ያዕቆብ ነው። ዮሴፍ «ወደ እኔ ቅረብ» ብሎ ሲልክበት ዕድሜው 130 ነበር። ፈራ። ቤርሳቤህ ላይ ቆሞ መሥዋዕት አቀረበ፤ እግዚአብሔርም «ወደ ግብፅ መውረድ አትፍራ» አለው። ወረደ፤ 17 ዓመትም ኖረ። ሁለተኛው ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነው። ንጉሥ ዳዊት «ኢየሩሳሌም መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር፣ እኔ እጦርሃለሁ» አለው። እርሱም «80 ዓመቴ ነው፣ የምበላውን እንኳ አላጣጥምም፣ በአባቴና በእናቴ መቃብር አጠገብ ልሙት» ብሎ ቀረ። ዳዊትም ስሞ መርቆ ሸኘው። አንዱ ሄደ፣ አንዱ ቀረ፤ ሁለቱም አልተነቀፉም። ሁለቱም ግን አፋቸውን ከፍተው ራሳቸው ናቸው የወሰኑት።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተውሉ። ያዕቆብ የኖረው ዮሴፍ ቤት ውስጥ አይደለም፤ ጌሤም ነው። ዘፍጥረት 48 ላይ «አባትህ ታሟል» ብለው ለዮሴፍ ነገሩት። ሰው መጥቶ የነገረው አንድ ቤት ስላልነበሩ ነው። ሲሰማ ምን አደረገ? ሁለቱን ልጆቹን ይዞ መጣ። «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ እዚህ ላይ ይታያል፤ አንድ ጣሪያ ሥር ከመኖር ይልቅ በመምጣት። ልጆችዎ ግን እርስዎን አስገብተው ስልክ ማንሣት ቢያቆሙ፣ ያኔ ጌታ በማርቆስ 7 «ገንዘቤ ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ ወላጅ የሚረሱትን የገሠጸበት ቃል ይነካቸዋል። ይህን ለእነርሱ ያንብቡላቸው።

የሰው አፍ ነገር እኔም ይገባኛል። እኛ አረጋውያን በአንድ ቦታ ሲባል ትዝ የሚለን ጧሪ ያጣ ሰው የሚሰበሰብበት ነው። አዲስ አበባ መቄዶንያ የሚያነሣው ጎዳና ላይ የወደቀውን ነው፤ ቅዱስ ሥራ ነው፣ የእርስዎ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ደግሞስ በእኛ አገር ስንት እናት ናት ልጆቿን ድራ፣ ባሏ ሲያርፍ መንኩሳ ገዳም አጠገብ ጎጆ የቀለሰችው? ማን «ተጣለች» አላት?

አሁን ወደ ጊዜው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ስደክም እገባለሁ» ይላል። እነዚህ መንደሮች ብዙዎቹ የሚቀበሉት ግን ገና ያልደከመውን ነው። ራስዎን ችለው አፓርታማ ውስጥ ይገባሉ፤ በኋላ እርዳታ ሲያስፈልግ፣ ከዚያም ነርስ ሲያስፈልግ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ለዚህ ነው ሲገቡ የጤና ምርመራ የሚጠይቁት። ተራ መጠበቅ ደግሞ አለ፤ አንዳንዱ ዓመታት ይፈጃል።

አንዲት እናት ነበሩን በአጥቢያችን። «ለፋሲካ ልጆቼ ሲመጡ እንነጋገራለን» እያሉ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ልብስ ማጠቢያቸው ቤዝመንት ነው። ቅርጫቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲወርዱ የመጨረሻዋን ደረጃ ሳቱ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። የወደዱት መንደር «አሁን ራሳቸውን ችለው አይንቀሳቀሱም» ብሎ መለሳቸው። ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ አልጋ የተገኘበት ነርሲንግ ሆም (ራሱን ያልቻለ ሰው በነርስ የሚጠበቅበት ቤት) አስገቧቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ መቁጠሪያቸውን እያሻሹ «መርጬ ቢሆን እኮ አይቆጨኝም ነበር» አሉኝ። ያ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ እናቴ፣ እስኪወድቁ አይጠብቁ። ማታ መንዳት ከብዶዎት ማሕሌት ከቀረብዎ፣ ፎቁ ላይ መውጣት ትተው ሳሎን መተኛት ከጀመሩ፣ ጊዜው ቀርቧል። ቢያንስ ዛሬ ስምዎን ተራ ያስይዙ። ስም ማስያዝ መግባት አይደለም።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። ለትርፍ አልቆመም ማለት በነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የተረፈው ለባለቤት አይከፋፈልም ማለት ነው። ብዙዎቹ የመግቢያ ጠቀም ያለ ገንዘብ፣ ከዚያ ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና መድን፣ የዚህን ኪራይና ምግብ አይከፍልም። «ያለ ጥፋቴ ገንዘቤ ቢያልቅ ታስወጡኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ብዙዎች ለዚህ የሚሆን የርዳታ ፈንድ አላቸው። ውሉን ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።

እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰው ሲያረጅ፣ በተለይ የመርሳት በሽታ ሲመጣ፣ በኋላ የተማረው ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። እንግሊዝኛዎ ቢሄድ ነርሷ «ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሥጋ አልበላም» የሚሉትን በምን ትረዳለች? አሁን በእንግሊዝኛ ያጽፉት፦ ኦርቶዶክስ መሆንዎን፣ የጾም ቀኖችዎን፣ ሲታመሙ የትኛው ካህን እንደሚጠራ፣ ጸሎተ ፍትሐቱ የት እንደሚደረግ። አንድ ቅጂ ለልጅዎ፣ አንድ ለንስሐ አባትዎ ይስጡ። መጾም ሲከብድ ደግሞ እርሳቸው ያቀሉልዎታል፤ በራስዎ አይጨነቁ።

ከመወሰንዎ በፊት ረቡዕ ቀን ሄደው ምሳ እዚያ ይብሉ፤ የጾም ምን እንዳላቸው በዓይንዎ ያያሉ። ብዙ ቦታ ለእንግዳ ማደሪያ ስላላቸው ሁለት ሦስት ሌሊት ማደር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። እሑድ ቅዳሴ የሚያደርስዎት ማን እንደሆነም ከልጅዎ ጋር ይነጋገሩ። ዕጣንና ሻማም እንዲሁ፤ ብዙ ግቢ እሳት ይከለክላል፣ ጢስ ሲሸተው የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ በሕንፃው ያለውን ሰው ሁሉ ያስወጣል። ለቡናውና ለጸሎቱ የት እንደሚፈቀድልዎ አስቀድመው ይወቁ።