ሰንስክሪን (የጸሐይ መከላከያ ቅባት) ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ? ጥያቄያችሁና መልሴ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እኔ ፋርማሲ ነው የምሠራው፣ ትርፍ ሰዓቴን ደሞ ሳሙናና ቅባት እሠራለሁ። ስለ ጸሐይና ቆዳ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ የደረሱኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የኮኮናት ዘይት ብቻውን ሰንስክሪን ይሆናል ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ጸሐይ የመከላከል አቅሙ በጣም ትንሽ ነው፣ የኑግም የአቮካዶም ዘይት ያው ነው።

ጥያቄ፦ ዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ገዝቼ ከሺአ ቅቤ ጋር ባዋህደውስ?

መልስ፦ ይሄን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ረዘም ላድርገው። ዚንኩ ራሱ እውነተኛ መከላከያ ነው፣ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል፣ ችግሩ ማዋሃዱ ላይ ነው። በማንኪያ ስታማስይው ነጭ ስለሚሆን የተዋሃደ ይመስልሻል ግን ዱቄቱ እየተጓጎለ ይቀራል፣ ፊትሽ ላይ ስትቀቢው አንዱ ቦታ ይበዛል ሌላው ቦታ ባዶ ይሆናል፣ ባዶውን ደሞ በዓይንሽ አታይውም። ኤስፒኤፍ የሚባለው፣ ቅባቱ ከጸሐይ ቃጠሎ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳየው ቁጥር የሚታወቀው ላብራቶሪ ተለክቶ ነው፣ በግራም አስልተሽ አታገኚውም። ትልቁ ጉዳት ደሞ ተቀብቻለሁ ብለሽ ተማምነሽ ጸሐይ ላይ መዋልሽ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጥቁር ነን፣ ጅማ ደሞ ዝናብና ደመና ነው፣ ምን ያስጨንቀናል?

መልስ፦ ጥቁረታችን ከመቃጠል በደንብ ያግዘናል፣ ማድያትን ግን አይከለክልም፣ ማድያት ያለበት ሰው ጸሐይ ሲነካው ይብስበታል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፣ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ ወደ 10 ፐርሰንት ይጨምራል፣ ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል። አልቢኒዝም ያለበት (ቆዳው ቀለም አንሶት የተወለደ) ልጅ ያላችሁ ደሞ አደራ፣ የቆዳ ካንሰር ስጋቱ ከባድ ስለሆነ ቤት በተሠራ ነገር እንዳትተማመኑ፣ ቆዳ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ለማድያት ሎሚና ጤና አዳም ጨምቄ እየቀባሁ ነው፣ ጸሐይ ላይ ያቃጥለኛል።

መልስ፦ ዛሬውኑ አቁሚ! ሁለቱም ውስጥ ጸሐይ ሲነካው ቆዳ የሚያቃጥል ነገር አለ። ጤና አዳም ለቡናችን ጣዕም ነው፣ ቅጠሉን ግን ቆዳ ላይ አሽተሽ ጸሐይ ከወጣሽ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ ሲድን ደሞ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ልታጠፊው የፈለግሽውን እያባባሽው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እንሥራ?

መልስ፦ ከጸሐይ በኋላ ለደረቀ ከንፈርና እጅ የሚሆን ቅባት ሥሩ፣ እሱ ያዋጣል። ሂርማታ ገበያ ማር የሚሸጡትን ሰም ጠይቁ፣ አቅልጣችሁ በነጠላ ጨርቅ አጥሉት። 20 ግራም ሰም ከ80 ግራም ዘይት ጋር ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ድስት ላይ አስቀምጡ፣ ቀጥታ እሳት ላይ እንዳታደርጉት። ሲቀልጥ ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጋችሁ እዩት፣ ከጠነከረባችሁ ዘይት ከለሰለሰባችሁ ሰም ጨምሩ፣ ከዛ ንጹሕና በደንብ የደረቀ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት። ውሃ ጠብ ካለበት ይሻግታል። እሬት የምትጠቀሙ ቢጫውን ፈሳሽ አስወግዱ፣ ነጩን ፍሪጅ አስቀምጡና በጥቂት ቀን ጨርሱት።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ቡና ማስጫ ላይ ነው የምንውለው፣ ሰንስክሪን ደሞ ውድ ነው።

መልስ፦ እናንተን ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ነው ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ፣ ጠዋት 4 ሰዓት እስከ ቀን 9 ሰዓት ያለው ጸሐይ ነው ኃይለኛው፣ ቡናውን የማገላበጡን ሥራ ከቻላችሁ ተራ ግቡበትና ዳስ ሥር እረፉ። ሰንስክሪን የምትገዙ ኤስፒኤፍ 30 እና ከዛ በላይ ይሁን፣ ለፊትና አንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጡ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት፣ ሳትገዙ ደሞ ኤክስፓየር ዴቱን እዩ፣ ጸሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ተደርድሮ የከረመውን አትውሰዱ።