እባጭ የሌለው ሥር ባዶ አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የጅማ ተማሪ «ቡና እንደ ባቄላ ሥሩ ላይ ባክቴሪያ የሚኖርበት እባጭ አያወጣም፤ ታዲያ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ተክሉን የሚጠቅመው ባክቴሪያ የት ይቀመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ወዲያው ነገርኳት። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

ወጣት ሳለሁ ጎማ ወረዳ አንዲት እናት በጓሯቸው የቡና ችግኝ ያፈሉ ነበር። ፕላስቲኩን በቀይ አፈር ብቻ አይሞሉትም፤ ካረጀ ቡናና ከዋንዛ ሥር ጥቁሩን አፈር እየዛቁ ይቀላቅሉበታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ይሄ አፈር ቡናን ያውቃል» አሉኝ። ችግኛቸውን ነቅለን ስናራግፍ አፈሩ ከቀጫጭኑ ሥር አልላቀቅ አለ።

ሥሩን ቤተ ሙከራ ወሰድነው። በበረኪና አጠብነው፤ በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅነው፤ የመጨረሻውን እጣቢም ለብቻው አበቀልነው። ከእጣቢው ምንም ካልበቀለ፣ ከተፈጨው ሥር የሚወጣው ከውስጥ የመጣ ነው ማለት ነው። እጣቢው ንጹሕ ሆነ። የተፈጨውን ሥር ናይትሮጅን ባልተጨመረበት ልል የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ላይ ጠብ አደረግነው፤ እዚያ ላይ በደንብ የሚያድገው ናይትሮጅንን ከአየር መያዝ የሚችል ነው። ከቀናት በኋላ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስስ ነጭ መጋረጃ ተዘርግቶ አየን፤ አረንጓዴው ምግብም ወደ ሰማያዊ ተለውጧል። ናይትሮጅን የሚይዘው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲበዛበት ስለሚበላሽ፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች አየሩ ሳሳ ወዳለበት ዝቅ ይላሉ። ይህን ዘዴ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋችው ብራዚል ውስጥ ትሠራ የነበረችው ተመራማሪ ዮሐና ዶበራይነር ናት። ያን መጋረጃ ቲዩቡን ወደ መስኮት አዙሬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት!

የለየነውን ባክቴሪያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥን። ለሥራ ራቅ ብዬ ቆይቼ ስመለስ፣ የነበርንበት መሥሪያ ቤት ማቀዝቀዣውን አስጠርጎ ሁሉንም አስጥሎታል። እንደገና ልሰበስብ ጎማ ብወርድ ያ የቡና ማሳ ተመንጥሮ ጫት ተተክሎበታል። እናትየዋም አርፈዋል። ዝርያው ምን እንደነበር እንኳ ሳንለይ ቀረ። «ቡናን ያውቃል» ያሉትን ፈትኜ እውነት መሆን አለመሆኑን ልነግራቸው አለመቻሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለተማሪዋ የነገርኳት ይህን ነው። ሥር ስኳር፣ አሚኖ አሲድና ኦርጋኒክ አሲድ ወደ አፈሩ ያፈሳል። ይህ ፍሳሽ የሚደርስበትን በሥር ዙሪያ ያለ ቀጭን አፈር ጀርመናዊው ተመራማሪ ሎሬንዝ ሂልትነር በ1904 (እ.ኤ.አ.) ራይዞስፌር ብሎ ሰየመው። እንደ አዞስፓይሪለም ያለው ባክቴሪያ ፍሳሹን ተከትሎ ጅራት በመሰለው ፍላጀለሙ እየዋኘ ይመጣል፤ መጀመሪያ በዚያው ፍላጀለም ላላ ብሎ ይጣበቃል፤ ቀጥሎ ሙጫ መሰል ነገር አመንጭቶ ይተከላል። ሌሎች ደግሞ የጎን ሥር ሲፈነዳ በሚፈጠረው ስንጥቅ ገብተው በሴሎች መካከል ይኖራሉ። ትልቁ ውለታቸው ብዙ ጊዜ ናይትሮጅኑ አይደለም። ኦክሲን የሚባል የተክል ማሳደጊያ ሆርሞን ያመነጫሉ፤ የጎን ሥርና የሥር ፀጉር ይበዛል፤ ተክሉም ውሃና ማዕድን የሚያገኝበት ስፋት ይጨምራል። የእኛ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አንቀው ይይዙበታል። ለጅማ በቆሎና ቡና የሥር ብዛት ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥራጥሬ ያልሆነ ሁሉ እባጭ የለውም ብላችሁም አትደምድሙ፤ ሸውሸዌ ፍራንኪያ በሚባል ባክቴሪያ እባጭ ያወጣል። አስተማሪያችን ይህን ሲነግሩን ማናችንም አላመንንም ነበር፤ ቆፍረን አየነው።

የዛሬ ወጣቶች ትቸኩላላችሁ። አንድ ሥር ሳታጥቡ ባዮ ማዳበሪያ፣ ማለትም ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ማዳበሪያ፣ በጠርሙስ ልትሸጡ ታስባላችሁ። ባዕድ ባክቴሪያ አፈር ላይ ስላፈሰሳችሁት ብቻ አይሰፍርም፤ ቦታውን ቀድመው የያዙ ነባሮች አሉ። ደግሞ እውነቱን ልናገርና ከእኛ ትሻላላችሁ፤ እኛ በቀለምና በቅርጽ የምንገምተውን እናንተ በዲኤንኤ ትለያላችሁ። እንዲያውም አንዳንዴ መቸኮላችሁ ሳይሻል አይቀርም፤ ማሳው አይጠብቃችሁም።

ሙከራ ስትሠሩ በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ የጨመራችሁበት ማነጻጸሪያ ይኑራችሁ፤ አለበለዚያ ችግኙን ያሳደገው ባክቴሪያው ይሁን አብሮት የገባው ምግብ አታውቁም። ከለያችሁት ሁሉ አንድ ቅጂ ሌላ ተቋም አስቀምጡ፤ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ረቂቅ ተሕዋስያንን ያቆያል። ቲዩቡ ላይም ቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ ቀበሌውን፣ የዛፉን ዓይነትና አፈሩን ያሳዩአችሁን ገበሬ ስም ጨምሩበት።