«ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው?» የጥንትና የመካከለኛው ዘመን ታሪክን በኢንተርኔት ስለማቅረብ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ስለ ጥንት ነገሥታት የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እየሠራሁ ዩቲዩብ ላይ እለቃለሁ። ስለ ማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ ስናገር «ሀብቱ 400 ቢሊዮን ዶላር ነበር» ብዬ ነበር። አንድ ተመልካች «ማን ቆጠረው?» ቢለኝ መልስ አጣሁ። ቁጥሩን ያየሁት በብዙ ቦታ ነው፤ ታዲያ ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ተመልካችዎ የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። አንዱ ከሌላው እየገለበጠ የተባዛ ቁጥር መቶ ቦታ ቢገኝም ያው አንድ ወሬ ነው። የንጉሡን ወርቅ ወደ ዛሬ ዶላር ለመመንዘር መጀመሪያ ወርቁ ስንት እንደነበር መታወቅ አለበት፤ ያንን መዝግቦ ያስቀመጠልን ሰው የለም።

የሚያስቆጨው፣ ከዚህ ቁጥር እጅግ የሚበልጥ ነገር መኖሩ ነው። ማንሳ ሙሳ ወደ መካ ሲጓዝ ካይሮ የደረሰው በ1324 ነው። ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ አል ኡመሪ የተባለው ጸሐፊ የከተማዋን ሰዎች ጠይቆ የሰማውን ጻፈ። ከንጉሡ መምጣት በፊት አንድ ሚስቃል ወርቅ (ከ4 ግራም ጥቂት ይበልጣል) ከ25 የብር ድርሃም በታች አይወርድም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ከ22 አይበልጥም፣ አንዳንዴም ያንሳል ይላል። የተበተነው ወርቅ ገበያውን ምን እንዳደረገው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ደግሞም ልብ ይበሉ፤ ከ25 ወደ 22 መውረድ 12 በመቶ ነው። «የግብፅን ኢኮኖሚ አፈራረሰው» የሚለው የተለመደ አባባልም ከዚህ ጽሑፍ አይወጣም።

ወርቅ ጨብጦ የተቀመጠበት ታዋቂው ሥዕልም እንዲሁ መልኩን አያሳይም። በ1375 ገደማ በተዘጋጀ የካታሎኒያ የካርታ መጽሐፍ ላይ፣ ንጉሡ ከሞተ በኋላ የተሣለ ነው። «ማንሳ ሙሳ ይህን ይመስል ነበር» አይበሉ፤ «አውሮፓውያን እንዲህ አድርገው ይስሉት ነበር» ይበሉ።

ጽሑፍዎን ከመቅዳትዎ በፊት ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ የምናገረው ነገር፣ የጻፈው ሰው፣ ከድርጊቱ ስንት ዓመት በኋላ እንደጻፈ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የድረ ገጽ ስም ብቻ ከተገኘ ያ ዐረፍተ ነገር ይውጣ። ምንጩን ደግሞ በድምፅ ይጥቀሱት። «አል ኡመሪ እንደጻፈው» ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃል፤ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ማብራሪያ ከፍቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ይሁን ወይስ የአውሮፓን አቆጣጠር? ሁልጊዜ ያጨቃጭቀናል።

መልስ፦ አንዱን ይምረጡ፣ መጀመሪያው ላይ ይንገሩ፣ እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት። (የዚህ ዓምድ ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ችግሩ የሚመጣው ሲቀላቀል ነው።

ለመካከለኛው ዘመን ቀኖች የመለወጫ መተግበሪያን እንዳለ አይመኑ። ቁስጥንጥንያ በኦቶማን ቱርኮች የተያዘችው ሜይ 29 ቀን 1453 ነው። ይህ የዩልዮስ አቆጣጠር ቀን ነው፤ ዛሬ የአውሮፓ የምንለው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጀመረው በ1582 ነውና። መተግበሪያው ቀኑን እንደ ጎርጎርዮስ ከቆጠረው ግንቦት 25 ይሰጥዎታል። ትክክለኛው ሰኔ 4 ቀን 1445 ዓ.ም. ነው፤ 9 ቀን ሳቱ ማለት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ላለው ዘመን ደግሞ ዜሮ ዓመት እንደሌለ ያስታውሱ። ዩልየስ ቄሳር የተገደለው በ44 ቅ.ል.ክ. ነው። ከዚያ እስከ 2000 ያለው ጊዜ 44 ሲደመር 2000 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 2,043 ዓመት ነው። እንደ ትልቁ የጊዛ ፒራሚድ ያለ በግምት የሚነገር ዘመን (2560 ቅ.ል.ክ. ገደማ) ላይ ግን የሁለቱን አቆጣጠሮች ልዩነት፣ ሰባትና ስምንት ዓመት፣ መደመርና መቀነስ ከንቱ ድካም ነው፤ ግምቱ ራሱ ከዚያ በላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። «ገደማ» የምትለዋን ቃል ግን በፍጹም አይጣሏት።

ጥያቄ፦ ሥዕሎቼን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የማሠራው። ቫይኪንጎችን (የመካከለኛው ዘመን የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞችን) ሳሠራ የራስ ቁራቸው ቀንድ ያለው ሆኖ ወጣ፤ ሰዎችም ተቆጡኝ።

መልስ፦ መሣሪያው የተማረው ከኢንተርኔት ሥዕሎች ስለሆነ የቆየውን ስህተት መልሶ ይሰጥዎታል። ቀንዱን ያስፋፋው በ1876 ለቀረበ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የቫግነር ኦፔራ የተሠራ የመድረክ ልብስ ነው። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ ዬርሙንድቡ በተባለ ቦታ የተገኘው የቫይኪንግ ዘመን የራስ ቁር ክብ ብረት ነው፤ ዓይን ዙሪያ እንደ መነጽር የሚከልል ብረት አለው፣ ቀንድ ግን የለውም። ዴንማርክ የተገኙት ባለቀንድ የነሐስ ቁሮች ከቫይኪንጎች 1,700 ዓመት ያህል ይቀድማሉ።

ስለዚህ ዕቃውን ራሱን ያሳዩ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎችን በሲሲ ዜሮ ፈቃድ ለቋል፤ ለንግድም ቢሆን በነፃ ይጠቀሙበታል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ግን በየፎቶው ሥር ያለውን ፈቃድ ያንብቡ፤ «ሲሲ ባይ» ከሆነ የፎቶ አንሺውን ስም መጻፍ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የአክሱም ሳንቲም 1,600 ዓመት ቢሆነውም ፎቶው የትናንት ሊሆን ይችላል፣ መብቱም የአንሺው ነው። በሥዕሉ ጥግ ላይ የዕቃውን ስም፣ ዘመኑንና የሚገኝበትን ቦታ በአንድ መስመር ይጻፉ።

ጥያቄ፦ የንጉሥ ላሊበላን ገድል ጠቅሼ ስናገር ግማሹ «ተረት ነው» ይለኛል፤ ከገድሉ ውጪ ስናገር ደግሞ ሌላው «እምነቴን ነካህ» ይለኛል።

መልስ፦ ጠቡን የሚያበርደው የግሱ አመራረጥ ነው። ገድሉ የተጻፈው ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ ስለሆነ «ገድሉ እንዲህ ይተርካል» ይበሉ። ኤርትራ ውስጥ ሃም በተባለ ቦታ ባለው የደብረ ሊባኖስ ገዳም የወንጌል መጽሐፍ ላይ የሠፈረውን የንጉሡን የመሬት ስጦታ ሲጠቅሱ «ተጽፎ ይገኛል» ይበሉ። የተመራማሪን ድምዳሜ ሲናገሩ ደግሞ «ብለው ይደመድማሉ»። የንጉሥ ኢዛናን ሳንቲሞች ይውሰዱ፦ በቀደሙት ላይ ጨረቃ፣ በኋለኞቹ ላይ መስቀል አለ። ይህ በዓይን የሚታይ ነው። «ንጉሡ ክርስትናን ተቀበለ» የሚለው ከዚያ የሚመጣ ድምዳሜ ነው፤ የድንጋይ ጽሑፎቹም ስለሚደግፉት ጠንካራ ነው። ሦስቱን ለይቶ የሰማ ተመልካች ገድሉንም አይንቅም፣ ሰነዱንም አይፈራም።

ጥያቄ፦ ስህተት ያለበትን ቪዲዮ ላጥፋው?

መልስ፦ ስህተቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ከሆነ አያጥፉት። ዩቲዩብ በዚያው አድራሻ ላይ ሌላ ቪዲዮ ለመተካት አይፈቅድም፤ በራሱ ማስተካከያ ግን ያን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ከዚያ ከአስተያየቶች ሁሉ በላይ የሚቆም አንድ መልእክት ይለጥፉ፤ ደቂቃውን፣ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን ይያዝ፦ «1፡12 ላይ 400 ቢሊዮን ዶላር ያልኩት ምንጭ የለውም። አል ኡመሪ የጻፈው የወርቅ ዋጋ ከ25 ወደ 22 ድርሃም መውረዱን ነው።»