መድኃኒት ሲሏችሁ ምን ማለታቸው ነው?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ነጭ ጋዎን ለብሳችሁ ከባንኮኒ ጀርባ ለምትቆሙት ነው። እኔ እዚያው ቆሜ ነው ያረጀሁት። ስለ እንክብል አልመክራችሁም፤ እሱን ከእኔ በላይ ተምራችሁታል። ስለ ቃል ትንሽ ላጫውታችሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት እየሮጠች ገባች። «ልጄ መድኃኒት ጠጣ!» አለችኝ። እኔ ሞኙ «ጎሽ፣ ስንት ማንኪያ?» አልኳት። ለካስ ልጁ የጠጣው የትኋን መድኃኒት ኖሯል! ተሯሩጠን ሆስፒታል አደረስነው፤ ተረፈ። የእኔ ሐፍረት ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

መድኃኒት «ዳነ» ከሚለው ይወለዳል፤ ከመድኃኔ ዓለም ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሆኖም አይጥ የምንገድልበትም መድኃኒት ነው፣ ጠንቋይ የሚያቀምሰውም መድኃኒት ነው። የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጥንት ግሪኮች «ፋርማኮን» ሲሉ ፈውሱንም፣ መርዙንም፣ አስማቱንም ነበር። የፈረንሳዮቹ ፋርማሲ፣ የጣሊያኖቹ ፋርማቺያ፣ ሁሉም የዚያ ቃል ልጆች ናቸው።

ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ቀዩን የ«ኤ» ፊደል አይታችሁ «አፖቴከ»፣ መድኃኒት ቤት ማለት ነው፣ ትገባላችሁ። ስዊድኖች አፖቴክ፣ ሩሲያውያን አፕቴካ ይሉታል። ይኼም ከግሪክ ነው፤ «አፖቴኬ» ማለት ዕቃ ማከማቻ ነበር። ያው ቃል ስፔን ገብቶ «ቦዴጋ»፣ የወይን ጠጅ ማከማቻ ሆነ። ፈረንሳይ ገብቶ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ቡቲክ»! ቦሌ ጂንስ የምትገዙበት ቤትና የበርሊኑ መድኃኒት ቤት ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ያወቅሁ ቀን ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ጊፍት» ነው። በእንግሊዝኛ ስጦታ፣ በጀርመንኛ መርዝ። በስዊድንኛ መርዝም ነው፣ ያገባ ሰውም ነው (ፍርዱን ለባለትዳሮች ትቻለሁ)። መነሻው መስጠት ነው። ግሪኮች ለበሽተኛ የሚሰጠውን መጠን «ዶሲስ» አሉት፤ መስጠት ማለት ነው፤ የእኛም ዶዝ ከዚያው የመጣ ነው። ጀርመኖች በራሳቸው ቃል ተረጎሙትና እየቆየ መርዙ ብቻ ቀረላቸው። የፈረንሳይኛው «ፑዋዞን»፣ መርዝ ማለት ነው፣ የተገኘው መጠጥ ከሚል የላቲን ቃል ነው። የዚያች እናት ጩኸት ትዝ አላችሁ?

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ «መድኃኒት ወሰደ» የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ «ጠርሙሱን ይዘውታል?» እላለሁ።